በባዕድ አገር ምግብ ቤት ጾምን ማስረዳት

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የምኖር ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ለማምጣት ወደ ቻይና ጓንግዡ እመላለሳለሁ፤ ጉዞዬም ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ቋንቋቸውን ስለማላውቅ አትክልት ብዬ ያዘዝሁት የተፈጨ ሥጋ ተነስንሶበት ይመጣል። የማልበላውን በወረቀት አጽፌ ባሳይ ጾሜን ለሰው ማሳየት ይሆንብኛል? ሳላውቅ የበላሁትስ ጾሜን ያፈርሰዋል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 6፥16 የነቀፈው ሰው እንዲያይለት ብሎ ፊቱን የሚያጠወልገውን ግብዝ ነው እንጂ ምግቡን ለይቶ የሚያዝዘውን ጾመኛ አይደለም። እዚሁ ጅማ ምግብ ቤት ገብተን ሥጋ ስናዝዝ የክርስቲያን ነው ወይስ የሙስሊም ብለን እንጠይቃለን፤ ባለቤቱም ሳይቀየም ይነግረናል፤ ይህን ውዳሴ ከንቱ ነው ያለ ሰው የለም። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ምርኮኛ ሳለ በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ፤ መጋቢውንም ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየሰጠ እንዲፈትናቸው ጠየቀ (ዳን. 1፥8-14)። የማይበላውን በመንገር ሳይወሰን የሚበላውንም ለይቶ ተናግሯል፤ በትሕትና እንጂ በቁጣም አልነበረም።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ጾመኛ ነኝ» ብለው ብቻ አያጽፉ፤ የእኛን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ጾም ሲባል ከእህል ከውኃ መከልከል ስለሚመስለው ምን ሊያቀርብልዎት እንደሚችል አይገባውም። ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማይበሉ በየስማቸው ይዘርዝሩ። በቻይና ወጥ ቤት ወተትና ቅቤ እምብዛም ስለማይገቡ ዋናው ጥንቃቄ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ጎመኑ በአሳማ ስብ ይጠበሳል ወይም ኦይስተር ከሚባለው የባሕር እንስሳ የተሠራ ስጎ ይፈስስበታል፤ ሾርባው በአጥንት መረቅ ይሠራል፤ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) እና ፎሶሊያም በጥቂት የተፈጨ ሥጋ ይጣፍጣሉ። አብሳዩ እነዚህን ከቅመም ስለሚቆጥራቸው «ሥጋ የለበትም» ሲልዎት ሊያታልልዎት ፈልጎ ላይሆን ይችላል። እነዚህንም ያስጽፉ፤ ከሥራቸውም በአትክልት ዘይት የተጠበሰ ጎመን፣ ነጭ ሩዝና ቶፉ እንደሚበሉ ያክሉ። የስልክ ማስተርጎሚያ ረጅም ንግግር ሲሰጡት ብዙ ጊዜ ስለሚያዛባ፣ ያረፉበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ወይም አብሮዎት የሚነግድ የአገሩ ሰው በራሳቸው ፊደል ቢጽፍልዎት የተሻለ ነው።

በዚያ አገር የቡድሃ እምነት ተከታዮች ሥጋና ዓሣ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች አሏቸው። በአንዳንዶቹ እንቁላል ወይም ወተት ሊኖር ስለሚችል ወረቀትዎን እዚያም ማሳየት ይገባል። ለሽያጭ የተሠራውን ምግብ ገዝቶ መብላት በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በቤተ ጣዖታቸው መሥዋዕት ሆኖ የቀረበ መሆኑን ከነገሩዎት ሐዋርያው እንዳዘዘ አይብሉ (1ኛ ቆሮ. 10፥28)። ከዚህ ጥቅስ በፊት ያለውን ቁጥር (10፥27) ይዘው «በሰው አገር የቀረበልህን ሁሉ ብላ ተብሏል» የሚሉ መንገደኞች አሉ። የሐዋርያው ነገር ስለ ጣዖት መሥዋዕት የሚጨነቀውን የቆሮንቶስ ምእመን ይመለከታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን የሠራችውን የጾም ሥርዓት ለመንገደኛ አይሽርም።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ጠይቀውና ተጠንቅቀው ሳለ ሳያውቁ የገባ ነገር ጾምን እንደ ናቀ ሰው አያስቆጥርዎትም። በመካከል ከታወቀዎት ግን ያቁሙ፤ «አንዴ ጀምሬዋለሁ» ብሎ መጨረስ አውቆ መብላት ነውና። ከአስተናጋጁም ጋር አይከራከሩ፤ ሒሳቡን ከፍለው ሩዝ ብቻ ያዝዙ። ሲመለሱ የሆነውን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ምን ያህል ተጠንቅቀው እንደ ነበር ጠይቀው የሚገባውን ምክር የሚሰጡዎት እርሳቸው ናቸው።