ልጄ ሕክምናውን ይዛ ፖለቲካ ልግባ ትላለች

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ ጅማ ሕክምና አምስተኛ ዓመት ደርሳለች። ቡና ነግጄ ነው ያስተማርኳት። ባለፈው እራት ላይ "አባዬ፣ እኔ ጤና ሚኒስቴር ገብቼ ፖሊሲ ነው የምሠራው" ብላኝ አረፈች። ሰው ታድናለች ስል ስብሰባ ልትሞቅ ነው? ሐኪም ፖለቲካ ገብቶ ምን ይፈይዳል? ዶክተር ቴድሮስ አሁን በሽተኛ ያያሉ?
አባት፣ ከጅማ

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አንዷን ላርም። ዶክተር ቴድሮስ ድሮም ሐኪም አልነበሩም፤ "ዶክተር" ያሰኛቸው በማኅበረሰብ ጤና የያዙት ፒኤችዲ ነው። ግን እሳቸው የጤና ሚኒስትር በነበሩባቸው ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመድበው ከ30 ሺህ በላይ ደርሰዋል። ስለዚህ ነጭ ጋወን የግድ አይደለም።

ልጅዎ የምታስበው ዶክተር ሊያ ታደሰን ይመስለኛል። ሕክምና የተማሩት እዚሁ ጅማ ነው፣ በኋላ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሆኑ። መጋቢት 2012 የጤና ሚኒስትር ተደርገው ተሾሙ፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ኮሮና ገባ። ያኔ በየቀኑ ስንት ሰው ተያዘ የምንለው የሳቸውን ገጽ አይተን ነበር።

"ምን ይፈይዳል" ላሉት ሩቅ አልሄድም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። ባለፈው አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስይዝ ከፊቴ የነበሩ እናት በፌስታል የተጠቀለለ፣ ፎቶው ጥግ ጥጉ የተላጠ የመድን ደብተር ከጉያቸው አወጡ። ሐኪሟ በደንብ አይታ መድኃኒት ጻፈችላቸው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግን "የለም፣ ከውጭ ይግዙ" ተባሉ። ደብተሩን መልሰው ጉያቸው ከተቱት። ሐኪሟ ምን ታድርግ? በጀቱም ግዥውም የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው፣ እዚያ ደግሞ ያቺን መስኮት የሚያውቅ ሰው ቢኖር አልጠላም።

ብቻ አትቸኩል። ትመረቅ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ጥቂት ዓመት ትሥራ። ታማሚ ሳያይ ቢሮ የገባ ሐኪም ሪፖርት አንባቢ ነው የሚሆነው (ይሄ የራሴ አስተያየት ነው፣ የሚቀየመኝ አይጠፋም)። የሙያ ፈቃዷንም በየጊዜው ታሳድስ፣ ሹመት ነገ ሊነሳ ይችላል። እርስዎም እራት ላይ ስለ ስብሰባ ከመጨቃጨቅ ቀድማ የምትቀይረው ፖሊሲ የቱ እንደሆነ ይጠይቋት። መልሷን ለኛም ይጻፉልን።