ስለ ሄፓታይተስ ቢ ጠይቁኝ፦ ከእስያውያን ሰፈር የምርመራ ጠረጴዛ ላይ የተማርኩት

ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። የቻይናና የቬትናም ተወላጆች በሚሰበሰቡበት አዳራሽና የበዓል ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ በነጻ ይደረጋል፤ እኔም ለዓመታት በፈቃደኝነት ደም ስቀዳ ቆይቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ለምን እስያውያን ተለይተው ይመረመራሉ? በሽታው የዘር ነው እንዴ?

አይደለም። የት ተወለድክ፣ መቼ ተወለድክ የሚለው ነው የሚወስነው። ቫይረሱ በብዛት ባለባቸው አገሮች ዋናው መተላለፊያ ወሊድ ነው። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዕድል በ9ኙ ቫይረሱን ይዞ ያድጋል፤ ጤነኛ አዋቂ ሲይዘው ግን ከ100 ሰው ከ5 ባነሰው ላይ ብቻ ነው ሥር የሚሰደው። እስያውያን ከአሜሪካ ሕዝብ 6 በመቶ ገደማ ቢሆኑም፣ በዚህች አገር ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። አብዛኞቹም ይዘውት የመጡት ከተወለዱበት አገር ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 አራስ ሕፃናትን መከተብ ስትጀምር በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀነሰ። ዘር ቢሆን ኖሮ ክትባት ምን ይለውጠው ነበር?

ጥያቄ፦ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ይመለከተኛል?

በደንብ ነው እንጂ። አገራችን ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች በልጅነታችን አልደረሰንም። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ለሐኪማችሁ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመርመር ብሏል።

ጥያቄ፦ «ሦስቱን ምርመራ ጠይቁ» የሚሉት ምንድን ነው?

ደም የሚቀዳው አንዴ ነው፤ የሚታየው ሦስት ነገር። ቫይረሱ አሁን አለ ወይ? መከላከያ አለህ ወይ? ከዚህ በፊት ይዞህ ያውቃል ወይ? ሦስቱም ከሌሉ ትከተባለህ፤ በስድስት ወር ሦስት መርፌ፣ ወይም በአዲሱ ዓይነት በወር ልዩነት ሁለት። ለምርመራው መጾምም ሆነ መብላት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የወፍ በሽታ የምንለው ይኼ ነው? እናቴ የሌሊት ወፍ ነው የሚያመጣው ትላለች።

የዓይን ቢጫ መሆን የብዙ ጉበት ነክ ሕመሞች ምልክት ነው፤ ይኼም አንዱ ሊሆን ይችላል። የሌሊት ወፏ ግን የለችበትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ አያውቅም። ቢጫነቱን የሚጠብቅ ሰው ጉበቱ ከተጎዳ በኋላ ነው የሚደርሰው። ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚጠጣው ቅጠልና ሥርም አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ እባካችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። እህቶቹ ብርጭቆውን ለይተውበታል፤ ጉርሻም አይቀበሉትም። ልክ ናቸው?

ልክ አይደሉም፣ እህቴ። አንድ ማዕድ ላይ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመሳም፣ በማቀፍ አይተላለፍም። ይህን ጥያቄ ከቻይናውያን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እነሱም እንደኛ ከአንድ ሳሕን ነው የሚቋደሱት። አንዲት አሮጊት ለልጃቸው ሳሕን ለይተው ሲያጥቡ 11 ዓመት እንደኖሩ ነግረውኝ አለቀሱ። እንደማይተላለፍ ያን ዕለት ነው የሰሙት።

የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው። ስለዚህ መለየት ያለበት ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው የሚያገለግልበት ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥና ንቅሳት የሚያሰጉት ለዚህ ነው። አንቺም ተመርመሪ፤ ነጻ ከሆንሽ ተከተቢ። እህቶቹንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ የእናት ልጆች ከሆኑ ቫይረሱ እነሱም ጋ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ምርመራ አዘጋጅተን 12 ሰው ብቻ መጣ። እስያውያኑ እንዴት ተሳካላቸው?

ቀላል አልነበረም። በስታንፎርድ የጉበት ንቅለ ተከላ ሐኪም የሆኑት ሳሙኤል ሶ የእስያውያን የጉበት ማዕከልን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2001 ቻይናውያን በሚወዱት የጄድ ድንጋይ ቀለም አረንጓዴ ሪባን አሠርተው ዘመቻ ጀመሩ። በ2007 ደግሞ ከተማ አቀፍ ዘመቻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲጀመር፣ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባል የነበረችው ፊዮና ማ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ በአደባባይ ተናገረች። ሕዝብ የመረጣት፣ ሥራዋን የምትሠራ ሴት «እኔም አለብኝ» ስትል መቶ በራሪ ወረቀት የማይሠራውን ይሠራል። እኛ ዘንድ ይህን የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ነገር ከደሙ በኋላ ያለው ነው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ብቻ ይላክ የነበረበት ቦታ ሠርቻለሁ። ፖዘቲቭ የሆኑት ሐኪም ጋ ሳይደርሱ ቀሩ። በኋላ በሠራሁበት ግን ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው ይደውላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ሲያስፈልግ አብሯቸው ይሄዳል። ይህን የሚሠራ ሰው ሳታገኙ ደም አትቅዱ ብዬ እመክራለሁ።

የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ውጤቱን የሚናገረው የዕድሩ ጸሐፊ ከሆነ ማንም አይመጣም። ምርመራውን ለብቻው አታድርጉት፤ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር አንድ ላይ ሲሆን ተሰልፎ የሚታየው ሰው ለምን እንደመጣ አይታወቅበትም። ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት። 12 ሰውም ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ልሄድ ስል ፖዘቲቭ ነሽ ተብዬ ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ልሞት ነው?

አይደለም፣ እህቴ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህ ውጤት ያለበትን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አያስገቡም፤ የተመረመርሽው ለቀጣሪ እንጂ ለአንቺ ስላልነበረ ያስረዳሽ የለም። አሁን ለራስሽ ተመርመሪ፦ የቫይረሱ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይም፣ አልትራሳውንድ። መድኃኒት ለሁሉም ወዲያው አይጀመርም፤ ካስፈለገሽ ቴኖፎቪር የሚባል በቀን አንድ ክኒን አለ። አዲስ አበባ ከሆንሽ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። ልጆች ካሉሽ እነሱንም አስመርምሪ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ያስከለክላል?

አያስከለክልም።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ፖዘቲቭ ነኝ።

ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ንገሪ። ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባትና ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን መርፌ ይወስዳል። የቫይረሱ መጠን ከፍ ካለ አንቺም በመጨረሻዎቹ ወራት ክኒን ትጀምሪያለሽ። ጡትሽን አጥቢ።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ «ተሸካሚ ብቻ ነህ፣ ምንም አይደለም» ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ አልታየሁም። 9 ዓመት ሆነኝ።

ይህ «ተሸካሚ» የሚል ቃል ስንቱን ሰው አዘናግቷል! ቫይረሱ ለዓመታት አሸልቦ ሊነቃ ይችላል። የጉበት ካንሰርም ጉበት ሳይጠጥር ሊመጣ ይችላል፤ በጊዜ ሲገኝ ግን ይታከማል። ለዚህ ነው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ የሚታዘዘው፦ ለእስያውያን ወንዶች ከ40 ዓመት፣ ለሴቶቹ ከ50 ዓመት ጀምሮ፤ አፍሪካ ለተወለድን ከዚያም ቀደም ብሎ። ወንድሜ፣ ሰኞ ጠዋት ደውልና ቀጠሮ ያዝ። ስትገባም «ቫይረሱ ካለብኝ 9 ዓመት ሆነኝ፤ የቫይረሱ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይምና አልትራሳውንድ እንዲታዘዝልኝ እፈልጋለሁ» በላቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፈህ ያዝ።