ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት ይወድቃል፤ ነርቩ ይሆን?

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል። አያቱ ጋ ስንሄድ ግን ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እሱ በአንድ እግሩ ሁለቴ ዘሎ ይወድቃል። ቅልልቦሽም አይሆንለትም። ጎረቤቴ «ነርቩ ነው» ስትለኝ ከፋርማሲ የነርቭ ቫይታሚን ገዝቼ ሦስት ወር ሰጠሁት። ለውጥ የለም። ሽባ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት። ከጻፉልኝ ውስጥ ወደ ሽባነት የሚያመራ ነገር አላየሁም። ደረጃ እየሮጠ የሚወጣ ልጅ እግሩ ጉልበት አለው። በአንድ እግር መዝለል 4 እና 5 ዓመት ላይ ይጀመራል፤ ካልተጫወቱበት ግን አይጠነክርም። ጠጠሯን ለማንሳት በአንድ እግር ቆሞ ማጎንበስ ቁርጭምጭሚትን፣ ጭንን፣ ሆድንና ዓይንን አንድ ላይ ያሠራል። ቅልልቦሽ ደግሞ አንዷን ጠጠር ወርውሮ፣ ሌላዋን ከመሬት ለቅሞ፣ የተወረወረችውን መቅለብ ነው። እርሳስ የሚይዙትም እነዚያው ጣቶች ናቸው።

ቫይታሚኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። ማን መርምሮ አዘዘው? የነርቭ ቫይታሚን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒት ሲሰጡት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ መውሰድ እንዴት አቃተዎት?

አንድ ነገር ግን አደራ። ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡትና «ተነስ» ይበሉት። ብድግ ካለ ጥሩ ነው። እጁን መሬት ላይ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ እየተመረኮዘ፣ የገዛ እግሩን እየተወጣጣ ከተነሳ ግን የዳሌና የጭን ጡንቻው ደክሟል ማለት ነው። ባቱ ወፍራምና ጠንካራ ቢመስልም አይዘናጉ፤ ብዙ ወላጅ «የሯጭ ባት ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ደረጃውን መደገፊያ እየጎተተ መውጣት ቢጀምርም ያው ነው። ትናንት ይችል የነበረውን ዛሬ ካቃተውም ያው ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን አይስሙ። በዚያው ሳምንት የልጆች ሐኪም ይየው። በዚያው ሳምንት!

ይህ ከሌለ ኮሪደሩ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ይሥሩለት። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቀስ ብሎ በአንዱ ይዝለል። የጎረቤት ልጆችም ይጨመሩ፤ ብቻውን ቶሎ ይሰለቸዋል። ሲወድቅ አይደንግጡበት። ዓይኑንም ያስመርምሩለት፤ አጥርቶ የማያይ ልጅ ጠጠር መቅለብ ይቸግረዋል። ጥቂት ወራት ተጫውቶም ካልተሻለው፣ ወይም ቁልፍ መቆለፍና መጻፍ ጭምር የሚያስቸግረው ከሆነ፣ ይዘውት ይምጡ። ለዚያም የሚሠራ ሕክምና አለ፤ መድኃኒቱም ሽሮፕ ሳይሆን የእንቅስቃሴ ልምምድ ነው።