መልስ፦ ሳያናይድ እያለ ተክሉ እንዴት ይተነፍሳል?

እህቴ፣ ሳያናይድ የተባለው መርዝ የሴልን አተነፋፈስ የሚያቆም ከሆነ አንዳንድ ተክሎች ለምን መተንፈሳቸውን ይቀጥላሉ ብለሽ ጠይቀሻል። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስማር እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ነው።

መልሱ ተለዋጭ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የሚገኘው በማይቶኮንድሪያ፣ በሴሉ የጉልበት ማመንጫ፣ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ነው። እዚያው ሽፋን ላይ ኤሌክትሮን እየተቀባበሉ ወደ ኦክስጅን የሚያደርሱ፣ ኮምፕሌክስ የሚባሉ የፕሮቲን ስብስቦች አሉ፤ ሳያናይድ የሚያግደው አራተኛውን ኮምፕሌክስ ነው። ተለዋጩ ግን ኤሌክትሮን ከዩቢኪኖል፣ ከኤሌክትሮን አመላላሹ ሞለኪውል፣ ተቀብሎ በቀጥታ ለኦክስጅን ይሰጣል። ሦስተኛውና አራተኛው ይታለፋሉ።

ከአራት ኪሎ ፒያሳ የሚሄድ ታክሲ አስቢ። ረዳቱ ሒሳብ ሳይሰበስብ ቢደርሱ ነዳጁ ተቃጥሏል፣ ገንዘቡ ግን የለም። እዚህም እንደዚያው ነው። በዚህ አቋራጭ መንገድ፣ ኤቲፒ (የሴሉ የጉልበት ገንዘብ) የሚሠራበት ፕሮቶን በሽፋኑ ማዶ ስለማይገፋ የሚመረተው ኤቲፒ ያንሳል፤ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ኪሳራ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሳውሮማተም የተባለው ተክል አበባው ሲደርስ በዚህ ሙቀት ሽታውን አትንኖ ነፍሳትን ይጠራል። ማሞቂያውን የሚያስነሳው ሳሊሲሊክ አሲድ፣ የአስፕሪን ዘመድ፣ መሆኑ የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ሙቀት የማያመነጩ ተክሎችም ብርድ ወይም ድርቅ ሲመታቸው የኤሌክትሮን መጨናነቁን ያቃልሉበታል።

እኔን በጣም የሚስበኝ ግን ትሪፓኖሶማ ብሩሴ ነው፤ የእንቅልፍ በሽታ አምጪው። ሰው ደም ውስጥ ሲኖር አተነፋፈሱ በዚህ ኢንዛይም ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኛ ደግሞ ኢንዛይሙ የለንም። ስለዚህ ጥገኛውን ብቻ ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ይፈለግበታል፤ ከሻጋታ የተገኘው አስኮፉራኖን አንዱ ተስፋ ነው። የከብቶቻችን ገንዲም የዚሁ ቤተሰብ በሽታ ነውና ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ካጣሽ እዚህ ጋ ጀምሪ።