ሲኤንሲዋ ዝም አለች፦ የኃይል ችግር ጥያቄና መልስ

ከሰሞኑ ጥያቄዎች ስለ ጠረጴዛ ላይ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትዕዛዝ እንጨትና መሰል ነገር የሚቀርጽ ማሽን) የመጡትን መርጫለሁ። ሁሉም ከኃይል ጋር የተያያዙ ናቸው። ቴስተራችሁን (ቮልት የሚለካውን መልቲሜትር) አቅርቡ።

"ሰላም ጋሼ። 3018 የምትባለዋ ማሽን አለችኝ። ትናንት ስከፍታት መብራትም የለ፣ ድምፅም የለ። ጓደኛዬ 'ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ' አለኝ። ልግዛ?" (ከባሕር ዳር)

ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ መቼ ለካህና! ቦርዱ፣ ማለትም ማሽኗን የሚያዘው ሰርኪት፣ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። ከሶኬቱ ጀምር። ዲቫይደሩን ተውና ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካ። ቀጥሎ ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ፣ ካላት፣ እይ። ተጭኖ ከቀረ ማሽኗ አትነሳም፤ በቀስቱ አቅጣጫ ስታዞረው ብቅ ይላል። አትሳቅ፣ በዚህች ብቻ ጥገና ቤት የሚሄድ ማሽን አለ።

ከዚያ የፓወር ሰፕላዩን (የሶኬቱን መብራት ወደ 24 ቮልት ዲሲ የሚቀይረውን) ገመድ ከቦርዱ ነቅለህ ጫፉን በዲሲ ለካ። 24 ቮልት አካባቢ ካነበበ ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ በሕይወት አለ፤ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ወደ ላላ ሽቦና ቦርዱ ላይ ወዳለች ፊውዝ እለፍ። ዜሮ ካነበበ ፓወር ሰፕላዩን ቀይር። ብዙ ጊዜ ዋጋው ከቦርድ ይረክሳል። ቮልቱ 24 ይሁን፣ አምፔሩ ከድሮው አይነስ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩም አይገለባበጥ።

ሲነቀል 24፣ ሲሰካ ዜሮ የሚሆን ከሆነ ወይ ሰፕላዩ ደክሟል ወይ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ሞተሮቹን ሁሉ ነቅለህ አንድ በአንድ እየመለስክ ፈልገው። ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ኃይሉን አጥፋ። ስቴፐር ሞተር (ማሽኗን የሚያንቀሳቅሰው) ኃይል እያለ ከተነቀለ ድራይቨሩን፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ሞተሩን የሚነዳውን ቺፕ፣ ሊያቃጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ ጓደኛህ ያለው ይደርሳል። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ ሽቦ መጠቅለልም ይቅርብህ። ሰፕላዩን ራሱን አትክፈት። ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።

"ስፒንድሉ (መቁረጫ ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር) ሲነሳ ኮምፒውተሩ 'ግንኙነት ተቋርጧል' ይላል። ሥራው መሃል ላይ ይቆማል።" (ተማሪ፣ አዲስ አበባ)

መጀመሪያ ስፒንድሉን አጥፍተሽ ያንኑ ፋይል በአየር ላይ፣ ቢቱ እንጨት ሳይነካ፣ አስኪጂው። ሳይቋረጥ ከጨረሰ ችግሩ ከስፒንድሉ ጋር ነው። አሁን ስፒንድሉ ሲነሳ 24ቱን ቮልት ለኪ። ወደ 20 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሰፕላዩ አቅም አንሶታል፣ ወይም የሽቦው ብሎን ላልቷል። ቮልቱ ካልተነቃነቀ የብሩሽ ሞተሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ዩኤስቢው እየገባ ነው። አጭርና ሽፋን ያለው፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ፌራይት (ረብሻ የሚቀንስ ጉብታ) ያለበት የዩኤስቢ ገመድ ግዢ። ከስፒንድሉ ሽቦ አርቂው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለሽ በባትሪም ሞክሪ፤ አንዳንዴ ይህ ብቻውን ይፈታዋል።

"የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ረጅም ቅርጽ እያወጣሁ መብራት ይሄድብኛል። ሲመጣ ራውተሩ (ቢቱን የሚያሽከረክረው የእንጨት መቅረጫ ሞተር) በራሱ ይነሳል፣ ማሽኑ ግን ቦታውን አያውቅም። ስንት ጣውላ ተበላሸ!" (ከሐዋሳ)

ጋሼ፣ ከጣውላው በፊት እጅዎ ያሳስበኛል። ራውተሩ በተራ ማብሪያ ስለሚሠራ መብራት ሲመለስ ይነሳል። እርስዎ ቢቱን ሊያዩ ጎንበስ ያሉበት ሰዓት ቢሆንስ? አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ የሚለቅ ማብሪያ ያስገጥሙ። አንዴ ከለቀቀ አረንጓዴው እስኪጫን አይነሳም። ካሰባሰብኩት ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ። ሲመለስም ቮልቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ። ቢቱ እንጨቱ ውስጥ ከቀረ ማሽኑን ሳይከፍቱ ዜዱን (ቢቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ዘንግ) በእጅ ወደ ላይ ያዙሩት።

ቦታውን መልሶ ማግኘት የሆሚንግ (ማሽኑ ስዊቾቹን ነክቶ መነሻ ቦታውን የሚያገኝበት) ሥራ ነው። በጂአርቢኤል (ትንንሽ ሲኤንሲዎችን በሚያዝ ሶፍትዌር) የሚሠሩ ቦርዶች በጂ54 ትዕዛዝ የያዙትን የሥራ ዜሮ (የቅርጹን መነሻ ነጥብ) መብራት ቢጠፋም አይረሱም፤ የሚረሱት ማሽኑ የት እንደቆመ ነው። የገደብ ስዊቾች ካሉ ሆሚንግ ሲያደርጉ ሁለቱ ይገናኛሉ። በጂ92 የተያዘ ዜሮ ግን አብሮ ይጠፋል፣ አይመኑት። ስዊች ከሌለ ጣውላው ጥግ ላይ ቀዳዳ ወይም ምልክት አስቀድመው ያብጁ፤ ዜሮዎን ከዚያ ያነሳሉ።

ፋይሉን ከቆመበት ትንሽ ቀደም ካለ መስመር ያስቀጥሉ። የላይኞቹን የሚሊሜትር፣ የፍጥነትና የስፒንድል ትዕዛዞች ከፊቱ ማስገባት እንዳይረሱ። መጀመሪያ ቢቱ ከፍ ይበል፣ ከዚያ ይውረድ።

ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ)? ለኮምፒውተሩና ለቦርዱ አዎ። ራውተሩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይስቀሉ፣ አይችለውም። ራውተሩ ሲቆም ቦርዱ መንቀሳቀሱን ስለሚቀጥል ወዲያው ፖዝ ይጫኑ፤ ያኔ ቦታው አይጠፋም።

"ከሜሪላንድ ለወንድሜ ሲኤንሲ ልልክለት ነው። የአዲስ አበባ መብራት ያቃጥልበታል?" (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ አንብቢ። 100-240 የሚል ከሆነ ሶኬቱን ማስማማት ብቻ ነው። የብረት ሳጥን ሆኖ ጎኑ ላይ 115/230 የሚል ትንሽ ቀይ ስዊች ካለው፣ ሳይሰካ በፊት ወደ 230 ይገፋ። 115 ላይ እያለ 220 ቢገባበት ጧ ይላል፣ አለቀ። የአሜሪካ ራውተር 120 ቮልት ስለሆነ ዋቱን በደንብ የሚሸከም ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ባይላክ ይሻላል፤ 220ውን እዚያው ይግዛ።

"ቪኤፍዲ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ያለው ስፒንድል ገጠምኩ። ባበራሁት ቁጥር የኤርዝ ሊኬጅ ብሬከሩ (ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጠው) ይወድቃል። ኤርዙን ብቆርጠውስ?"

በፍጹም! ቪኤፍዲ በፀባዩ ጥቂት ከረንት ወደ ኤርዝ ያፈሳል፣ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ደግሞ ለዚያ ስሜታዊ ነው። አጥፋውና የቪኤፍዲው መብራት ጠፍቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይለፍ። ከዚያ የሞተሩን ሽቦ ነቅለህ አብራ። አሁንም ከወደቀ ነገሩ ከቪኤፍዲው ወይም ከመስመሩ ነው። ካልወደቀ ሞተሩን ወይም ገመዱን ፈትሽ። መስመሩን ለብቻው ማድረግና ለቪኤፍዲ የሚሆን ብሬከር መምረጥ የኤሌክትሪሻን ሥራ ነው፣ ጥራው።