የማይታይ ችግር ያለበት ተማሪ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ

እህቴ፣ ታናሽ ወንድምሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ መመደቡን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ማንበብ እንደሚከብደውና ሐሳቡም ቶሎ እንደሚበተንበት ጽፈሽ «እንናገር ወይስ ዝም እንበል? ብንናገር ስም ይወጣለት ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ዐይነ ስውር ነኝ። የተመረቅሁት በልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው፤ አሁን እዚሁ ጅማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ካስተማርኋቸው መካከል እንደ ወንድምሽ ያሉ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደብዳቤያቸውን አብሬ አዘጋጅቻለሁ፣ ቢሮም አብሬያቸው ደጅ ጠንቻለሁ። ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው። ተናገሩ። የሚያስፈልገውን ነገር ለይታችሁ፣ በጽሑፍ፣ ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ተናገሩ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ (የተማርሁት ጅማ አይደለም) ነጩ በትሬ ከእኔ ቀድሞ ይናገርልኝ ነበር። ፈተና ላይ አንባቢ ተብሎ የተመደበልኝ ሰው የስታቲስቲክስ ምልክቶችን ማንበብ አቅቶት የተጨነቅሁበት ጊዜ ቢኖርም፣ «እውነት አታይም?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ወንድምሽ በትር የለውም። መምህሩ የሚያየው ጤናማ ወጣት ነው፤ ሥራውን ዘግይቶ ሲያስረክብ ሰነፍ ይለዋል። ይህ ቃል ያበሳጨኛል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰነፍ ሲባል የኖረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ራሱም አምኖት ይገኛል፤ እርዳታ መጠየቅንም እንደ ማታለል ይቆጥረዋል። ሐኪሞች ዲስሌክሲያ የሚሉት የንባብ ችግር ከስንፍናም ከአእምሮ ማነስም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

«እስከ 12ኛ ክፍል እንዴት ደረሰ ታዲያ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ያለው ቋንቋውና የፈተናው ዓይነት ላይ ነው። የአማርኛ ፊደል ብዛት ቢኖረውም፣ የአፋን ኦሮሞ ቁቤም እንደዚሁ፣ የተጻፈው ባመዛኙ እንደ ተጻፈው ይነበባል። እንዲህ ባለ ጽሕፈት ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው በዝግታ ነው፤ ልጁ ቀስ ብሎም ቢሆን ይደርሳል። እንግሊዝኛ ግን አንዱ ፊደል በየቃሉ ድምፁን ስለሚለውጥ ዝግታው ላይ ስሕተት ይጨመርበታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በምርጫ የሚሠራ በመሆኑ የጽሑፍ ድክመቱን ሸፍኖለት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጽሑፍ፣ የቤተ ሙከራ ዘገባና የሃንድአውት ክምር በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ልጆች የሚወድቁት በመጀመሪያው ዓመት ነው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይለፍ። «የትምህርት ችግር አለብኝ» ብቻ ብሎ ከጻፈ ተቀባዩ አዝኖ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። «በጽሑፍ ፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ ጸጥ ያለ መፈተኛ ክፍል፣ ሃንድአውት በሶፍት ኮፒ፣ የቤት ሥራ መመሪያ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም እንዲሰጠኝ» ብሎ ከዘረዘረ ግን ተቀባዩ እሺ ወይም እምቢ ማለት ይኖርበታል። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ አንዱን ለተማሪዎች አገልግሎት ይስጥ፤ ለራሱም ቀን የተጻፈበትና የተፈረመበት ቅጂ ይያዝ። ዩኒቨርሲቲው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍል ስላለው ነገሩን የሚያውቁ መምህራን እዚያ ይገኛሉ፤ በአካል ሄዶ ያማክራቸው። ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ተቋማት የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን የማገዝ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 24 ላይ ከፍተኛ ትምህርትን ለይቶ ይጠቅሳል፤ ጥበቃውም በዐይን ለሚታይ ጉዳት ብቻ የተወሰነ አይደለም።

ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም። ዲስሌክሲያ በደም ምርመራ ወይም በራጅ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ የሚለየው በንባብና በጽሑፍ መመዘኛዎች እና በልጁ የትምህርት ታሪክ ነው። ስለዚህ የድሮ ደብተሮቹን አትጣሉ። ከቀድሞ መምህሩ ደብዳቤ አጽፉለት፤ ልጁ በቃል ሲጠየቅ እና በጽሑፍ ሲጠየቅ የሚያሳየው ልዩነት በምሳሌ ቢጻፍበት ከብዙ ማሕተም ይበልጣል። ለትኩረቱ ጉዳይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «አእምሮ» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ አትሽሹ፤ የትኩረት ችግርን የሚመረምረው ይኸው ሙያ ነው።

ስለ ኑሮው ጥቂት ልጨምር። ዶርም ውስጥ ብዙ ሆነው ስለሚኖሩ ትኩረቱ ለሚበተን ልጅ ማታ ማጥናት ከባድ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ ላይብረሪ የሚገባበትን ልማድ ከመጀመሪያው ሳምንት ይያዝ። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ይጠፋል፤ ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ መምህሩንም አስፈቅዶ በስልኩ ይቅዳ። አንድሮይድ ስልክ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት «ሴሌክት ቱ ስፒክ» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። ሃንድአውቱ ፎቶ የተነሣ ገጽ ከሆነ ግን ላይነበብ ይችላልና መምህሩን ዋናውን ፋይል ይጠይቅ።

ጅማ የምትታወቅበት ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትም አለ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌ ይወጣሉ፣ ሰው ያነጋግራሉ፣ መረጃ ይሰበስባሉ፣ ዘገባ ይጽፋሉ። እንደ ወንድምሽ ያሉ ልጆች እዚህ ላይ ሲደምቁ ሰምቻለሁ፤ ማንበብ የከበደው ልጅ ሰውን ማዳመጥና ማስታወስ ሲችልበት ቡድኑ ይደነቃል። ሥራ ሲከፋፈሉ ቃለ መጠይቁን ይያዝ፣ መጻፉን ለሌላ ይተው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን የቦታና የፕሮግራም ለውጡ ራሱ ሊያስጨንቀው ስለሚችል ቀኑንና ቦታውን አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ይህን የምጽፈው ሌሎችም ስለሚያነቡት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተዘረጋው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ለፈተናው የሚፈቀደው ጊዜ የሚወሰነው በአገር ደረጃ ስለሆነ ተጨማሪ ጊዜ ለማግኘት የአንድ መምህር ደግነት አይበቃም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተያዘ ፋይል ያለው ልጅ ያን ጊዜ የሚያሳየው ነገር አለው።

ስም ይወጣለት ይሆን ላልሽው፣ ለትምህርት ክፍሉ መናገር ለመላው ዶርም መናገር አይደለም። ለጓደኞቹ መናገሩን ለራሱ ተዉለት፤ እናንተ ቤተሰቦቹ ከእርሱ ቀድማችሁ ለማንም አትንገሩ። ደብዳቤውንም እርሱ ራሱ ይፈርመው።

የተመደበበትን ዘርፍ አልጻፍሽም። ቤተ ሙከራ የሚበዛበት ከሆነ የምንጠይቀው ስለሚለይ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የደብዳቤውንም ረቂቅ ከምዝገባው በፊት አብረን እናዘጋጀዋለን።