ቆጣሪው ጋ ዘግተሽም ውሃው ለምን አልቆመም?

እህቴ፣ እንኳን ቤት ሳለሽ ፈነዳ! ሌሊት ከሲንኩ ሥር ያለው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው የውሃ ቱቦ) ፈንድቶ፣ ቆጣሪው ጋ ብዘጋም መፍሰሱን አላቆመም ብለሻል። የታንከሩ ውሃ ነዋ። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ በራሱ መስመር ወደ ቤት ይወርዳል። ባለ 1,000 ሊትር ሆኖ ሞልቶ ካደረ፣ ቆጣሪውን ብትዘጊም እስኪያልቅ ይፈሳል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ነው የሚዘጋው፤ ቆጣሪው ጋ እና ታንከሩ ሥር።

እኔም አዳማ ቤት የገባሁ ሰሞን ይሄን ሳላውቅ ግማሽ ሌሊት በባልዲ ስቀዳ አድሬያለሁ። ጠዋት ጣራ ላይ ስወጣ፣ ሳራሲኔስካው፣ ማለት የታንከሩ መዝጊያ፣ ዝጎ ንቅንቅ አይልም። አሁን በየወሩ አንዴ ዘግቼ እከፍተዋለሁ።

ሌሊት የፈነዳው አለምክንያት አይደለም። ሰፈሩ ሲተኛ የሚጠቀም ሰው ይቀንሳል፤ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል። ያረጀ ፍሌክሲብል ያኔ ነው የሚለቅ።

አዲሱን ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ኢንች ነው፤ ርዝመቱ ግን ይለያያል። ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ ፕላስቲክ ከሆነ ተይው፣ ናሱን ውሰጂ። ውስጡ ጎሚኒ ስላለው በዚያ በኩል ቴፍሎን (ነጩን የቧንቧ ማሸጊያ) አትጠምጥሚ። በእጅሽ አጥብቀሽ በመፍቻ ሩብ ዙር ጨምሪ፣ በቃ። ጉልበት ሲበዛ ጎሚኒው ይቆረጣል።

ደግሞ ውሃው ሶኬት አጠገብ ከደረሰ፣ ከሁሉም በፊት ብሬከሩን አጥፊ። ግን ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካለብሽ አትንኪው።